ቺንጋውን ተይው፦ ለልጄ የተጻፈ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የኅዳር ውርጭ እንደ ልማዱ ማለዳ ማለዳ ሜዳውን ያነጣዋል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ደግሞ ገበሬው ማጭዱን ይዞ ወደ ሣሩ ይወርዳል። በአሜሪካ ሰው ሣሩን አጭዶ ለከብት ሳያበላ እዚያው በትኖት እንደሚሄድ የጻፍሽውን ለአጎትሽ ባነበብሁለት ጊዜ «ታዲያ ለምን አጨደው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልሱን ለአንቺ ትቼዋለሁ።

መሥሪያ ቤትሽ ለባለ ግቢዎች ሊሠራ ያሰበውን፣ ተቀምጠው የሚነዱትን የኤሌክትሪክ ሣር ማጨጃና የጓሮ ትራክተር ንድፍ በጥሞና ተመልክቼዋለሁ። አሣሣሉ ንጹሕ ነው፤ ልኬቱም ጥንቃቄ አለው። ሆኖም ዕድሜውን የወፍጮ ሞተር ሲጠግን እንደኖረ ሰው የማልስማማበትን ልንገርሽ። የቤንዚኑን መኪና ሻሲ እንዳለ ወስዳችሁ፣ ሞተሩን አንሥታችሁ፣ በዚያው ቦታ የኤሌክትሪክ ሞተር አስቀምጣችኋል፤ ቺንጋውም፣ ፑሊውም፣ ፍሪሲዮኑም ከነበሩበት አልተነቃነቁም። በቤንዚን መኪና ላይ ቺንጋ ያስፈለገው ኃይሉ የሚገኘው ከአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነና ከዚያ ተጎትቶ ወደ ጎማውም ወደ ምላጩም መድረስ ስላለበት ነው። ኤሌክትሪክ ግን በሽቦ የፈለግሽው ድረስ ይሄድልሻል። ለእያንዳንዱ ምላጭ የራሱን አነስተኛ ሞተር፣ ለጎማዎቹም ሌላ ሞተር ብትሰጪ፣ ሹፌሩ ወፍራም ሣር ሲገጥመው የምላጩን ፍጥነት ሳይነካ ጉዞውን ብቻ ዝግ ያደርጋል፤ ማጨጃውን ለማጠብ ወይም ምላጭ ለመሳል ሲፈልግ ደግሞ አንድ መሰኪያ ነቅሎ ከመኪናው ሥር ይጎትተዋል እንጂ ከቺንጋ ጋር ሲታገል አይውልም።

ይህን ያሰብሁት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1969 ለገበያ ያቀረበው ኢሌክ-ትራክ የተባለው የጓሮ ትራክተር፣ ባለ 6 ቮልት የሆኑ 6 ባትሪዎች በተርታ ተያይዘው በሚሰጡት 36 ቮልት ይሠራ ነበር፤ በትልልቆቹ ሞዴሎች ላይ እያንዳንዱ ምላጭ የራሱ ሞተር ነበረው፤ በረዶ መጥረጊያና በዚያው ባትሪ የሚሠራ የእንጨት መጋዝ ሳይቀር ይሰካበት ነበር። ምርቱ በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ቢቆምም ከእነዚያ መኪናዎች ዛሬም ሣር የሚያጭዱ አሉ። ባትሪያቸው ለጎልፍ መኪና የሚሠራው የተለመደ ዓይነት በመሆኑ ባለቤቱ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ ገዝቶ ይተካል። እናንተ ግን ባትሪውን ለራሳችሁ ብቻ በሚስማማ ቅርፅ፣ በማይፈታ ሣጥን ውስጥ ልታሽጉት አስባችኋል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ያንን ሣጥን ማን እንደሚሠራለት እስካሁን አልጻፍሽልኝም።

ሞተር ከመምረጥሽ በፊት የሥራውን መጠን በኃይል አስልተሽ አስቀምጪ። በወረቀትሽ ላይ «ባትሪው 2 ሰዓት ይሠራል» የሚል አገኘሁ፤ በምን ዓይነት ሣር፣ በምን ዓይነት ዳገት ላይ እንደሆነ ግን አልተጠቀሰም። ግማሽ ሄክታር፣ ማለትም በእኛ አገር 2 ጥማድ ያህል ግቢ ያለውን ሰው እንውሰድ። ማጨጃው 107 ሳንቲሜትር ስፋት ቢኖረውና በእያንዳንዱ ዙር ጥቂቱ ቢደራረብ፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየሄደ ግቢውን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ መዞሪያውና ዛፍ መሸሹ ሲጨመርበት አንድ ሰዓት ከሩብ በይው። ምላጮቹና ጎማዎቹ በአማካይ 2.5 ኪሎዋት ቢወስዱ 3 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ኃይል ይበላል። ባትሪው እስከ መጨረሻው እንዳይሟጠጥ ሲሶም ባይሆን አምስተኛውን መጠባበቂያ አድርጊለት፤ ሲያረጅ ደግሞ ሌላ አምስተኛ እንደሚያጣ አስቢ፤ እንዲህ እያልሽ 5 ኪሎዋት-ሰዓት ላይ ትደርሻለሽ። አንድ ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ሙቀት ቢኖረውም ትንሽ ሞተር ወደ ሥራ የሚለውጠው አምስተኛውን ወይም ከዚያም ያነሰውን ስለሆነ፣ ይህ ባትሪ የሚተካው 3 ሊትር የማይሞላ ቤንዚን ነው። ገዢውን በዚህ ቋንቋ አናግሪው፤ የቤንዚን ጀሪካኑን ያውቀዋልና ወዲያው ይገባዋል።

ስለ ምላጩ ፍጥነት የምለው አለኝ። በአሜሪካ ደረጃ መሠረት የምላጩ ጫፍ በሰከንድ ከ96 ሜትር ተኩል መብለጥ የለበትም። ባለ 53 ሳንቲሜትር ምላጭ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 83 ሜትር ያህል ይሄዳልና ከወሰኑ በታች ናችሁ፤ ነገር ግን ሣሩ ስስ በሆነበት ጊዜም ይህን ሁሉ ፍጥነት ለምን ትከፍሉበታላችሁ? ምላጭ አየር ሲገፋ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ (ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ ከሚገኘው) ጋር ስለሚያድግ፣ ዙሩን ከ3,000 ወደ 2,400 ብታወርጂው ለአየሩ የሚባክነው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ቤንዚን ሞተር ይህን በቀላሉ አያደርግም፤ የእናንተ ኮንትሮለር፣ ማለትም ለሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው መሣሪያ ግን የሞተሩን አምፔር እያነበበ ሣሩ ሲወፍር ዙሩን ከፍ፣ ሲሳሳ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። በንድፋችሁ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የጎደለኝ ይህ ነው፤ ባትሪ ከመጨመር ርካሽ ነውና።

የእርሳስ ባትሪ ከባድ ስለሆነ ሊቲየም ይሻላል የሚለው ክርክርሽ ለማጨጃ እውነት ነው፤ ቀላል መኪና እርጥብ መሬት አይረግጥም፣ ሣሩንም አያደቅቅም። ለትራክተር ግን ነገሩ ይለያል። ጎማ የሚጎትተው በላዩ ላይ ባለው ክብደት ልክ ነው፤ የኋላው ጎማ ቀሎ ሞተሩ ቢበረታ መሬቱን ይፍቃል እንጂ በረዶ አይገፋም፣ ማረሻም አይስብም። የኢሌክ-ትራክ ባትሪዎች ክብደት በዚህ በኩል ጥቅም ነበር። ስለዚህ አንድ መኪና ሁለቱን ሥራ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ባትሪውን ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ኋላው ጎማ አስጠጉት፤ ለጉተታ ጊዜም ተጨማሪ ክብደት የሚታሰርበት ቦታ በቡሎን አዘጋጁ። ዝቅ ማለቱ በዳገት ላይም ይጠቅማችኋል፤ እንዲህ ያሉ መኪናዎች ከ15 ዲግሪ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይ እንዳይነዱ በመመሪያቸው የሚከለከለው ስለሚገለበጡ ነው።

የዳገት ነገር ከተነሣ፣ መኪናውና ሹፌሩ በአንድነት 350 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በየ100 ሜትሩ 15 ሜትር በሚነሣ ዳገት ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ብቻ 700 ዋት ያህል ያስፈልጋል፤ ለስላሳው መሬት የሚይዘው በዚያ ላይ ነው። ሞተሩ ይህን ለአንድ ደቂቃ ቢችለውም ለግማሽ ሰዓት መቻሉን አጣሩ፤ ሻጮች የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ነው። በሞተሩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ ሽፋን ከተመደበለት ሙቀት በላይ 10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል የሚለውን የሞተር ጠጋኞች መመዘኛ ታውቂዋለሽ። እዚህ ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነው አገራችን አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ መንዝ ውስጥ የናፍጣ ወፍጮ ሲያቃስት የኤሌክትሪኩ ኃይሉን ሳያጎድል ይፈጫል፤ ነገር ግን ስስ አየር በደንብ አያቀዘቅዝምና ቶሎ ይግላል። ዴንቨርና ከዚያ በላይ ባለው ተራራ ለሚኖር ገዢ ይህ ከቤንዚን የሚበልጥበት ትልቅ ነጥብ ነው፤ የማቀዝቀዣው ክንፍ ግን ለዚያ ከፍታ ይለካ፤ በሣር ብጥስጣሽ እንዳይደፈንም ይሸፈን።

ብርዱንም አትርሺ። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ቢደረግ ሊቲየሙ በውስጡ እንደ ብረት ይለጠፍና ባትሪው ይጎዳል። በክረምታቸው በረዶ ሲጠርግ ውሎ በማይሞቅ ጋራዥ ውስጥ ለሚያድር መኪና ይህ በየሌሊቱ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ቻርጀሩ ሙቀቱን ሳያነብ ኃይል እንዳይለቅ፣ አስቀድሞም ባትሪውን በማሞቂያ እንዲያሞቀው አድርጉ።

ስለ ደኅንነት ብዙ አልልም፤ ሹፌሩ ከወንበሩ ሲነሣ ምላጩ እንዲቆም አድርጋችኋል፤ የምላጩን ሞተር ጫፎች አገናኝቶ በራሱ ኃይል ማቆሙ ፍሬን ከመግጠም ይሻላል። የሚያሳስበኝ ድምፅ ማጣቱ ነው። ከኋላ የሚሮጥ ሕፃን ቤንዚኑን ከሩቅ ይሰማዋል፤ የእናንተን ግን ላይሰማ ይችላልና መኪናው ወደኋላ ሲሄድ ምላጩ ይቁም፣ ይጩኽም።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለ። የሠራችሁት የሙከራ መኪና ካለ፣ የእያንዳንዱን ምላጭና የጎማውን አምፔር ለየብቻ የሚመዘግብ መሣሪያ ግጠሙበትና በእርጥብ ሣር፣ በደረቅ ሣር፣ በዳገትም ነድታችሁ መዝገቡን ላኪልኝ፤ ከፊትና ከኋላ ጎማ ላይ ያረፈውንም ክብደት ጨምሪበት። የሞተር ግዢውን እስከዚያ ድረስ አቆዩት። ኮንትሮለሩ ተፈትቶ የሚጠገን መሆን አለመሆኑንም በዚያው ጻፊልኝ።

እናትሽና አጎትሽ ሰላም ብለውሻል።

አባትሽ