ዪር 6 (የአንደኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል) ልጅ ላላችሁ የለንደን ወላጆች

ሰላም ወገኖች፣

ብዙዎቻችሁ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲባል የሚከፈልበት ይመስላችኋል። የግል የሆኑ አሉ፤ አብዛኞቹን ግን የሚደጉመው መንግሥት ነው። ለትምህርቱ አምስት ሳንቲም አትከፍሉም።

ጣጣው ፎርሙ ላይ ነው። የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ማመልከቻ ብቻውን አይበቃም። ትምህርት ቤቱ የራሱ ተጨማሪ ቅጽ አለው፤ እሱን ካልላካችሁ በእምነት የሚገኘው ቅድሚያ ያመልጣችኋል። የካውንስሉ የመጨረሻ ቀን ኦክቶበር 31 ነው፤ የትምህርት ቤቱን ቅጽ ቀን ለየብቻ አጣሩ። እስከ 6 ምርጫ መሙላት ስለሚቻል አንድ ብቻ ጽፋችሁ እንዳትቀመጡ፣ አደራ።

«እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ አይመለከተንም» የምትሉ፣ ቆይ! የብዙዎቹ የቅበላ ደንብ ከካቶሊኮች ቀጥሎ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት አባላትን ያስቀምጣል፤ ኦርቶዶክሶች እዚያ ይገባሉ። የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች ደግሞ ከሮም ጋር አንድ ስለሆኑ እንደማንኛውም ካቶሊክ ይቆጠራሉ።

የክርስትና ወረቀቱ በአማርኛ ብቻ ከሆነ አስተርጉሙት። ቀኑንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አስቀይሩ። ክርስትናው 2007፣ ልደቱ 2014 የሚል ወረቀት ይዛችሁ ብትሄዱ ልጁ ሳይወለድ የተጠመቀ ይመስላል!

ሙስሊም ወላጆችም ማመልከት ትችላላችሁ። ቦታ ከተረፈ በሃይማኖት ምክንያት አይመልሱም። ልጁን ከሃይማኖት ትምህርትና ከጸሎት የማስቀረት መብት በሕግ አላችሁ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ እምነቱ የሚታየው በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ቅዳሴው፣ በዓሉ፣ የጠዋት ጸሎቱ የትምህርት ቤቱ ኑሮ ነው። ወላጆች የሚጎበኙበት ቀን ስላለ ልጁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዩት።

ቅጹ ላይ የተቸገረ እዚሁ ይጻፍልን።