ግልጽ ደብዳቤ፦ በጀት ከጸደቀ በኋላ ስለሚመጡ ልጆች

የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በጀት ለምትመድቡና ለምታጸድቁ ኃላፊዎች፣

በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኙት የቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ሦስቱም በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ። ሁለት ዓመት በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አገልግያለሁ፤ የምጽፍላችሁም እዚያ ያየሁትን ነው።

በቅድሚያ አመሰግናለሁ። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ሲጀመር ምን እንደተለወጠ የሚያውቀው ልጁን ቁርስ ሳያበላ የሸኘ ወላጅ ነው። በነጻ የታደለው የደንብ ልብስና ደብተርም እንዲሁ። ይህን የማነሣው ለወግ ያህል አይደለም። መንግሥት ቆርጦ ከተነሣ ገንዘብ እንደሚገኝ በዓይናችን ስላየን ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የእኛ ሰፈር ግን ሐምሌን ጠብቆ አይሞላም። ዕጣ የወጣለት፣ መሀል ከተማ ቤቱ የፈረሰበት፣ ኪራይ የከበደው ሁሉ በየወሩ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው ዕጣ ብቻ፣ በከተማዋ ዳርቻ ያሉትን ጨምሮ ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ለባለዕድለኞች ወጥተዋል፤ ቤት ሲተላለፍ ልጅም አብሮ ይመጣል። ጥቅምት ላይ የዝውውር ወረቀት የያዙ ወላጆች በራችን ላይ ሲሰለፉ ርዕሰ መምህሩ ምን ይበሉ? ተቀበሏቸው። ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ የሚለው መለኪያ ታናሿ ልጄ ክፍል ውስጥ ከፈረሰ ቆይቷል። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ስለሚቀመጡ ጽሑፍ የሚጽፉት በየተራ ነው።

ከሚመደበው ገንዘብ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ይህ ቅር አያሰኘኝም፤ ለመምህር ከዚህም በላይ ይገባዋል። የሚያስጨንቀኝ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ነው። ጠመኔ፣ የፈተና ወረቀት፣ የማባዣ ቀለም፣ የተሰበረ ወንበር፣ የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ሁሉ ከእርሱ ይጠበቃል። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ አለቀና ወላጆችን ለመዋጮ ጠራን። በልብስ ማጠብ የምትተዳደር አንዲት እናት ተነሥታ፣ «ነጻ ነው ስትሉኝ ነው እኮ ያመጣኋቸው» አለች። መልስ የሰጣት የለም። ጥቂት ቆይታ ከመቀነቷ 50 ብር ፈትታ ሰጠች። ብሩን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሳስበው እጄን ይከብደኛል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ብዙ ሰው ተማሪውንና መምህሩን ወቀሰ። እኔ ያሰብኩት ፊደል በሚቆጥሩበት ዓመት መምህራቸው ደብተራቸውን አይታ ለማረም ጊዜ ያላገኘችላቸውን ልጆች ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንደሚመድብ ይደነግጋል። ዋጋ በየወሩ በሚንርበት ጊዜ ደግሞ ብሩ ባለበት ቆመ ማለት ጠመኔው ቀነሰ ማለት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በከተማዋ ዳርቻ ባሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪ በጥቅምት መጨረሻ ዳግመኛ ይቆጠር፤ ለተጨመረው ልጅ የሚሆን ገንዘብም ከመጠባበቂያ ተለቅቆ በኅዳር ይድረስ። የሥራ ማስኬጃው መጠን በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለብቻው ይታወቅ፤ ወላጅ እንዲያየውም በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ቆጠራው ሰው ይፈልጋል ካላችሁ እኛ አለን። በየብሎኩ ተከፋፍለን፣ ለትምህርት የደረሱትን ልጆች መዝግበን ከጥቅምቱ ቆጠራ በፊት እናስረክባለን። ለማን እንደምናስረክብና በየትኛው ቀን እንደምንመጣ ብቻ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቦሌ አራብሳ ነዋሪና ወላጅ