ፊርስን አደራ

ውድ የንባብ ቡድናችን አባላት፣

በሚቀጥለው ስብሰባችን የምናነበው የአንቶን ቼኾቭን «የቼሪ የአትክልት ስፍራ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ሞስኮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ተውኔት ነው። ስታነቡ ሽማግሌውን አሽከር ፊርስን አደራ።

ፊርስ 87 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ አንድ ቤተሰብ ሲያገለግል ኖሯል። ርስቱ ተሸጦ ባለቤቶቹ ሊበታተኑ ሲሉ ታሟል። አራተኛው ገቢር ላይ የእመቤቲቱ ልጅ አኒያ «ሆስፒታል ተወሰደ ወይ?» ትላለች። ወጣቱ አሽከር ያሻ ጠዋት ተናግሬያለሁ ይላል። ሌላ ሰው እንዲያጣራ ስትልክ ደግሞ ይቆጣል፤ ስንቴ ይጠየቃል ባይ ነው። የእመቤቲቱ የጉዲፈቻ ልጅ ቫሪያም ትጠይቃለች፤ ተወስዷል ትባላለች። ሄዶ ያየው ግን የለም። በሩ ተቆለፈ፣ ሁሉም ሄደ፣ ፊርስ ውስጥ ቀረ። ያኔም የሚያሳስበው ጌታው ወፍራሙን ካፖርት ሳይለብስ መሄዱ ነው። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው።

ዛሬስ? ድርጅት ሲሸጥ ወይም ሲዘጋ ዕድሜውን የሰጠ ሠራተኛ «ጉዳይህ ለሚመለከተው ተላልፏል» ይባላል። የሚመለከተው ደግሞ ለሌላው አስተላልፏል። ማንም አልጠላውም፤ ግን ተጠያቂም የለም። ለእኔ ከግልጽ ክፋት ይልቅ የሚያስፈራው ይሄ ነው።

ጊዜ ያላችሁ የሼክስፒርን ተውኔት «ኪንግ ሊር»ንም ገለጥ አድርጉ። የኮርንዎል መስፍን የሽማግሌውን መኳንንት የግሎስተርን ዓይን ሲያወጣ፣ ጌታውን መስፍኑን በሰይፍ የተጋፈጠው አሽከር ስም እንኳ የለውም። ከጀርባ ተወግቶ ይሞታል፣ ሬሳው ፍግ ላይ ይጣላል። እሱ እምቢ ሲል ፊርስ ለምን ዝም አለ? በዚህ ላይ እንከራከር።

የፊርስን ክፍል ማን እንደሚያነብ እስከ ሐሙስ አሳውቁኝ።