የክረምት ስንቅ ስኳር ላለበት ቤት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሐምሌና ነሐሴ በደሴ ነፋስና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲበረታ መብራት ይጠፋል። ለዚህ ቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ስንቅ አለ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ። ሁሉም ያለ ማቀዝቀዣ ይቆያሉ፤ ሁሉም ግን በካርቦሃይድሬት የተሞሉ ናቸው። «ፕሮቲን ነው» ተብሎ የሚታለፈው ሽሮ እንኳ ከግማሽ በላዩ ካርቦሃይድሬት ነው። የስኳር ሕመም ኖሮበት በሐኪም ምክር እንጀራና ዳቦ የቀነሰ ሰው መብራት በጠፋ ማግሥት ወደ በሶው የሚመለሰው ሌላ የተዘጋጀ ነገር ስለሌለ ነው። ይህ ሰው የራሱ ስንቅ ያስፈልገዋል፤ ደግነቱ ዕቃው በሙሉ ከሰኞ ገበያ አያልፍም።

ለአንድ አዋቂ ለ3 ቀን 12 እንቁላል፣ 300 ግራም ቋንጣ፣ 300 ግራም ለውዝ፣ 150 ግራም ንጥር ቅቤ፣ 3 ጣሳ በዘይት የታሸገ ሰርዲን፣ 90 ግራም ያህል ተልባ፣ አንድ መካከለኛ ጥቅል ጎመን፣ ጥቂት ቃሪያና ሽንኩርት ይበቃል። ይህ በቀን ወደ 2000 ካሎሪ ይሰጣል፤ ካርቦሃይድሬቱ ደግሞ፣ ከነቃጫው (ከነፋይበሩ) ተቆጥሮ፣ ከ60 ግራም ብዙም አያልፍም። አንድ ትልቅ እንጀራ ብቻውን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል።

ከሁሉ ቀድሞ መሰናዳት ያለበት ቋንጣው ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ በደሴ ጉም ውስጥ የተሰቀለ ሥጋ ሳይደርቅ ይሻግታል፤ ስለዚህ በግንቦት፣ ቢዘገይ በሰኔ መጀመሪያ ማለቅ አለበት። ከስብ የጸዳ ቀይ ሥጋ ከትንሽ ጣት ባልወፈረ ዘለላ ይተለተላል። ለ1 ኪሎ ሥጋ 25 ግራም ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በደንብ ይታሻል። በርበሬና ሚጥሚጣ ለጣዕም ናቸው፤ ሥጋውን የሚያቆየው ጨውና ድርቀት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ወፍራም ሆኖ ሲተለተል ነው፤ ውጩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። የደረቀ ዘለላ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ እንደ ጠፍር ከተለመጠ ገና ነው። አንድ ኪሎ ሥጋ ወደ 300 ግራም ገደማ ሲወርድ በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ገና ለብ እያለ ፌስታል ውስጥ ከገባ ያልበዋል፣ ይሻግታልም።

ቅቤ ሲነጠር አረፋው ረግቶ መንጣጣቱ እስኪቆም ይጠበቅ፤ ድምፁ የውሃው ነው፣ ውሃ የቀረበት ቅቤም ቶሎ ይኮመጥጣል። እርጥብ ማንኪያም እንዲሁ ያበላሸዋል።

እንቁላል ሳይታጠብ ይቀመጥ፤ መታጠቡ የቅርፊቱን መከላከያ ስለሚያነሳ የሚታጠበው ሊሰበር ሲል ነው። በደሴ ቅዝቃዜ ትኩስ እንቁላል ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ይቆያል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች እዚያ አንድ ሳምንት ይበቃዋል። በውሃ ውስጥ የተንሳፈፈ አይበላ።

ለውዝ ከነቅርፊቱ ይገዛ። የጨረተ፣ የጠቆረ ወይም የሚመር ፍሬ ተለቅሞ ይጣል፤ የሻገተ ለውዝ የሚይዘው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ተቆልቶም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ተልባ ፍሬው እንዳለ ይቀመጥ፣ የሚፈጨው የዕለቱ ብቻ ነው፤ ሲጠጣም ውሃው በዛ ይበል፣ አለዚያ ሆድ ያደርቃል።

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በክረምቱ መሐል ስለሚውል የጾመኛውም ስንቅ ይታሰብ። እንቁላሉን፣ ቋንጣውንና ቅቤውን ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ዘይትና አቮካዶ ይተኩታል። አቮካዶው ጠንካራ ሆኖ ቢገዛ ተራ በተራ ይበስላል።

ማቀዝቀዣ ያለው ሰው የሃይላንድ ጠርሙሶችን አፋቸው ድረስ ሳይሞላ ውሃ አድርጎ አስቀድሞ ያቀዝቅዝ፤ መብራት ሲጠፋ ወደ ታችኛው ክፍል ያውርዳቸው። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ ወደ 4 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48፣ ግማሽ የሞላው ወደ 24 ሰዓት። እየከፈቱ ማየት ነው የሚያበላሸው። ሶኬቱ ይነቀል፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሙቀት ያገኘው ጥሬ ሥጋና አይብ «ቢቀቀል ምን ይሆናል» ተብሎ አይዳን፤ አንዳንድ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በመፍላት አይጠፋም።

የኤሌክትሪክ ምድጃው ሲቆም ከሰል መቀጣጠሉ አይቀርም። በብርድ ሰበብ ማንደጃውን ይዞ መኝታ ቤት መግባት ግን ሰው ይገድላል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍም ይመስላል። ቋንጣና ጥቅል ጎመን ያቀደ ቤት በረንዳ ላይ በግማሽ ሰዓት ምግቡን ይጨርሳል፤ በደሴ ከፍታ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ የሚፈጁት ከሰል ሌላ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ሳትቆርጡ ብታወጡልን ደስ ይለናል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊበንክላማይድ የተባለውን ስኳር የሚቀንስ ክኒን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን እንዳለ ይዞ ካርቦሃይድሬቱን በድንገት ከቀነሰ ስኳሩ አደገኛ ደረጃ ላይ ሊወርድ ይችላል። መጠኑን ከክረምቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት፤ የኩላሊት ሕመም ያለበትም ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት እንዲሁ። በዚህ ስንቅ ውስጥ ስኳር የግድ መኖር አለበት። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ሲመጣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ካልተነሳ መድገም ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

አገልግሎት ላይ ያለ ኢንሱሊን ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ለአብዛኞቹ ዓይነቶች ወደ 4 ሳምንት ይቆያል፤ የደሴ ጓዳ በክረምት ከዚህ አያልፍም። ለኮምቦልቻ ሁለት ሸክላ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላት ይረዳል፤ ዝናብ በሚውልበት ቀን ግን አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቅዝቃዜው ያንሳል። ኢንሱሊን ከበረዶው ጠርሙስ ጋር አይነካካ፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ቢሟሟም ይጣላል።

ጋዜጣው የክረምት ጥንቃቄ ገጹን በሐምሌ ሳይሆን በግንቦት ቢያወጣው ቋንጣው ይደርሳል፣ የሐኪም ቀጠሮውም እንዲሁ።

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች
ከደሴ