ግማሽ ዶሮ

ሚጣዬ፣

መጀመሪያ ስድብሽን ጨርሺ። ጨረስሽ? እሺ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ካለፈው ገና ወዲህ ስልክሽን እያየሁ ያላነሳሁት ጠልቼሽ አይደለም። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፣ ያ የተበደርኩሽ ብር ነው። ወደታች እመጣበታለሁ፤ አሁን አታስጀምሪኝ።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ዶሮ ነው። አትሳቂ።

የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ብዙም ሳይቆይ ሰውዬዬ ሴራሚክ የሚያነጥፍበት ሕንፃ ቆመ። የመጨረሻውን ሒሳብም ሳይከፍሉት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የተገኘውን እየሠራ ነው፤ አንድ ቀን አለ፣ ሦስት ቀን የለም። ለእንቁጣጣሽ ቱሉ ዲምቱ ሄጄ ዶሮ ጠየቅኩ። ዋጋውን አልጽፍልሽም፣ በጾም ደምሽን አላፈላም። ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ወደ ኮዬ ፈጬ ተመለስኩ።

ደረጃው ላይ ከእኛ በታች የሚኖሩት እትዬ አገኙኝ። የእሳቸውም ዘንቢል ባዶ ነው። «ልጄ፣ ለምን አንዷን ለሁለት አንገዛትም?» አሉኝ። የበሬ ቅርጫ እናውቃለን፤ የዶሮ ቅርጫ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ሽንኩርቱ ከእኔ፣ ቅቤና በርበሬው ከእሳቸው ሆነ። ወጡ የተሠራው እኔ ቤት ነው። ክፍፍሉን ብታዪ! ሁለት ድስት አስቀምጠው፣ ጭልፋውን ይዘው፣ ክንፍ ወዲህ፣ ክንፍ ወዲያ። መላላጫ ወዲህ፣ መላላጫ ወዲያ። ልጄ አጠገባቸው ቆማ በጣቷ ትቆጥራለች። አስር ላይ ስትደርስ ሁለት ቀሩ፤ ፈረሰኛውና አንገቱ።

ዝም ተባባልን። እኔ በልቤ፣ ፈረሰኛ የአባወራ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ባል የላቸውም እያልኩ እሟገታለሁ። ለዶሮ ሥጋ እንዲህ መስገብገቤ አሳፈረኝ መሰለኝ፣ አፌ «እርስዎ ይውሰዱት እንጂ እትዬ» አለ። ሴትዮዋ ሁለቴ አላስለመኑኝም! «እሺ፣ የገናው የእናንተ» ብለው ድስታቸው ውስጥ ዶሉት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ተመስገን። ቅቤው ግን አንሷል» አሉ።

በአንድ ትንፋሽ እኮ ነው ያሉት።

ለእኔ ተመስገን መሸፈኛ ነበር። መጨረሻ ስልክሽን ያነሳሁ ቀን «እንዴት ናችሁ?» ስትዪኝ፣ «ተመስገን፣ ደህና ነን» አልኩሽ። ያን ቀን ሽሮው ራሱ አልቆ ነበር። ስልክ ማንሳት የከበደኝ ከዚያ በኋላ ነው። እና... ብሩ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው። ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። ወይም ይኸው ነገርኩሽ።

የእትዬ አነጋገር ሲከነክነኝ ከረመ። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ካህኑ «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት»፣ በጎ ያደረገልንን እናመስግነው፣ ሲሉ ጆሮዬን ሰጠሁ። እኔና አንቺ ሁሌ አርፍደን ስለምንደርስ የሚያመልጠን ጸሎት ነው። ለምን እንደምናመሰግን ይዘረዝራል። ሰውሮናል፣ ረድቶናል፣ ጠብቆናል እያለ ሄዶ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት» ይላል። እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና። ሞልቶልናልና አይልም እኮ ሚጣ! በየበዓሉ «እንኳን አደረሰሽ» የምንባባለውም ለካ ይህንኑ ነው። እኔ ስንት ዓመት ለበጉና ለዶሮው ይመስለኝ ነበር።

ቅድስት ሆነች እንዳትዪ ደግሞ። ትናንት ማታ በቤት ኪራይ ተጨቃጭቀን፣ ከሰውዬዬ ጋር ተኳርፈን ነው ያደርነው። ጠዋት ሻዩን አቅርቤለት «ተመስገን በል» ብለው እንዴት እንዳየኝ! ስኳር የሌለው ሻይ ነበር፣ አልፈርድበትም።

ብሩን አልረሳሁትም። ሰፈር ውስጥ ትንሽ እቁብ ገብቻለሁ። ዕጣው ሲወጣልኝ መጀመሪያ ያንቺ ነው። መቼ እንደሚወጣልኝ ግን አላውቅም። ይህን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

እንግዲህ ነገሩ፣ ለገና ነይ። ረቡዕ ቢውልም ገና ስለሆነ ይገደፋል፣ ሰበብ የለሽም። ዶሮዋ አሁንም ከእትዬ ጋር ለሁለት ናት። ፈረሰኛው በቃላቸው መሠረት የእኛ ነው፤ ይስጥሽ አይስጥሽ ከሰውዬዬ ጋር ተነጋገሩ። አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም፣ ቀስ ብለሽ ውጪ። ምንም አትያዢ።

እሺ፣ ትንሽ ቅቤ ካለሽ ያዢ።

ያንቺው፣
ያቺ ጠፊዋ