ከጠረጴዛው ማዶ ስትቀመጪ

ልጄ፣

ትናንት ማታ ስትደውዪ እንቅልፍ ይዞኝ ስለነበር "አይዞሽ፣ አትፍሪ" ብዬ ዘጋሁብሽ። ጠዋት ስነሳ አፈርኩ። ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ስቀጥርና ሳሰናብት የኖርኩ ሴትዮ፣ የገዛ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ልትቀጥር ነው ስትለኝ መልሴ ይሄ ብቻ ነው?

"ጥሩ ሠራተኛ በምን ይታወቃል?" ነበር ያልሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ አላውቅም። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሰውን ለይቼ አውቃለሁ የሚል የቅጥር ኮሚቴ አባል ካጋጠመሽም ተጠንቀቂው። እኔ በስንት ስህተት የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር "ይሄን ሰው አወቅሁት" የሚለውን የራሴን ልብ መያዝ ነው።

አንድ ጊዜ የመጋዘን ኃላፊ ፈልገን አምስት ሰዎች ጠራን። ሁለተኛው ገና በሩን ከፍቶ ሲገባ ወደድኩት። ፈገግታው፣ አለባበሱ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ቆም ብሎ "ጥሩ ጥያቄ ነው" ማለቱ ሁሉ አማረኝ። ቀጥላ የገባችው ሴት ፋይሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። ድምጿ አይሰማም። ስለ ንብረት ቆጠራ ስጠይቃት ቶሎ አልመለሰችም፤ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

እሱን ቀጠርነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ካርዱ ላይ የተመዘገበውና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አልገናኝ አለ። ሌባ አልነበረም፤ መመዝገብ ይሰለቸዋል፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሌሎቹ በሙከራ ጊዜው እናሰናብተው ሲሉ ሽንጤን ገትሬ የተከራከርኩለት እኔ ነኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ! በኋላ ነገሩ ተበላሽቶ እሱም ከሄደ በኋላ የቅጥሩን ማህደር አውጥቼ የራሴን ማስታወሻ አነበብኩ። ለእሱ አንድ ገጽ ተኩል ጽፌለታለሁ። ለእሷ ሁለት መስመር፤ አንደኛው "ዓይን አፋር" ይላል። አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው ባልደረባዬ ግን መልሷን ጽፎት ኖሯል፦ "ቆጠራ ከመጀመሬ በፊት ቁልፉ ስንት ሰው ጋ እንዳለ እጠይቃለሁ።" ከአምስቱ ይህን ያለ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ አልሰማኋትም።

ይሄ የእኔ ብቻ በሽታ አይደለም። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1920 ጽፎታል። የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን በቁመና፣ በብልህነት፣ በአመራርና በጠባይ ለየብቻ ነጥብ ስጡ ሲባሉ፣ አንዱን ነገሩን የወደዱለትን ሰው በሁሉም ከፍ ያደርጉታል። ቁመናው ያማረው ብልህም ታማኝም ሆኖ ይታያቸዋል። ይህን "ሃሎ" ብሎ ሰየመው፤ በቅዱሳን ሥዕል ራስ ዙሪያ የሚሳለው የብርሃን አክሊል ማለት ነው።

እና ከሰኞው ቃለ መጠይቅሽ በፊት ይህን አድርጊ። የሥራ መዘርዝሩን አውጪና ሥራው የግድ የሚፈልጋቸውን አራት ወይም አምስት ነገሮች ምረጪ። (አሥራ አምስት መስፈርት የሚደረድር ማስታወቂያ የጻፈው ሰው ምን እንደሚፈልግ ገና አልወሰነም ማለት ነው። የእናንተንም አይቼዋለሁ፤ አትቆጪ።) ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ አዘጋጂ። ምን ዓይነት መልስ 5፣ ምን ዓይነት መልስ 3፣ ምን ዓይነት መልስ 1 እንደሚያሰጥ አስቀድመሽ ጻፊ። ከዚያ ለሁሉም ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል ጠይቂ። ነጥቡን ሁላችሁም ለየብቻችሁ ስጡ፤ ሰውየው በሩን ዘግቶ እንደወጣ፣ ማንም "እንዴት አያችሁት?" ሳይል። አለቃ ቀድሞ ከተናገረ የቀረው የእሱን ነጥብ ይገለብጣል። አሁን አለቃዋ አንቺ ነሽና መጨረሻ ተናገሪ።

ጥያቄሽ "ቢሆን ምን ታደርጋለህ?" ከሚል "ሆኖ ያውቃል? ያኔ ምን አደረግህ?" የሚል ይሁን። ብዙ ሰው ሲመልስ "እኛ እንዲህ አደረግን" ይላል። ያን ጊዜ "ከዚህ ውስጥ የአንተ ድርሻ የትኛው ነበር?" በዪው። እዚህ ላይ የሚነቃና የሚዝለፈለፍ ይለያል። ዝም ሲሉ ደግሞ ዝም በዪ። ዝምታውን ለመሙላት ስትዪ መልሱን አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ፤ በአባትሽ ስለወጣሽ ነው የምልሽ።

ይሄ ሁሉ ደረቅ እንደሚመስልሽ አውቃለሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ሽሚትና ሃንተር የሚባሉ ተመራማሪዎች የ85 ዓመት ምርምሮችን ሰብስበው ነበር። በወጉ የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ ሰውየው በኋላ ከሚያሳየው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና 0.51፣ እንደመጣ የሚጠየቀው 0.38፣ የሥራ ልምድ ዓመት ብቻውን ደግሞ 0.18 ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳኬት የሚባል ሌላ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ስሌቱን ሲያርሙት ብዙዎቹ ቁጥሮች ወረዱ፤ የተዘጋጀው 0.42፣ ያልተዘጋጀው 0.19 ሆነ። ዜሮ ማለት ምንም አለመገናኘት፣ 1 ማለት አለመሳሳት ነው። እንግዲህ ከተሻሉት አንዱ የሆነው መንገድ እንኳ ከግማሽ አይደርስም። ይህን ሳነብ እኔ አልከፋኝም፤ ቀለል አለኝ። አንቺም ተጠንቅቀሽ ሠርተሽ ብትሳሳቺ ራስሽን አትብዪ።

ከጥያቄው ጎን ትንሽ የሥራ ናሙና ስጫቸው፤ እዚያው ተቀምጠው በግማሽ ሰዓት የሚጨርሱት ይሁን። ቤት ወስደው ሲለፉበት የሚያድሩትን ግን አትስጪ። ባለፈው ዓመት ሦስት ሌሊት የደከምሽበትን እቅድ ተቀብለው ድምፃቸውን ያጠፉትን ሰዎች አስታውሺ። ረጅም ሥራ ካስፈለገሽ ክፈዪበት።

አሁን ደግሞ ለአባትሽም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። አንቺን አርግዤ አምስተኛ ወሬ ላይ ለአንድ ሥራ ተጠራሁ። ሰፊ ሹራብ ለብሼ ሄድኩ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ብዕሩን አስቀመጠና "መቼ ነው የሚወልዱት?" አለኝ። ሌሎቹ አቀርቅረው ወረቀታቸውን አዩ። ወሩን ነገርኩት። ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ያንን ሰው ለዓመታት ረገምኩት። ታዲያ እኔ ራሴ ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ አንዲት ልጅ "በቅርቡ ነው ያገባሁት" ስትለኝ ከአፌ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? "ልጅስ መቼ አሰባችሁ?" ጨዋታ መስሎኝ እኮ ነው! ፊቷ ልውጥ ሲል ነው የነቃሁት። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111፣ እ.ኤ.አ. የ1958ቱ፣ በጾታ፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አስተሳሰብ ሠራተኛን መለየት አድልዎ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. የ2000ው ቁጥር 183 ደግሞ ለሥራ የምታመለክትን ሴት የእርግዝና ምርመራ ውጤት አምጪ ማለትን ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር ይከለክላል። እኔ ሁለቱንም በቃሌ አውቃቸው ነበር፤ አፌን ግን አልያዙልኝም። የያዘኝ ወረቀቱ ነው። የተጻፈ ጥያቄ ፊትሽ ካለ ያልተጻፈው ከአፍሽ አያመልጥሽም።

ለወንድምሽ ይህን ከዚያኛው ወገን አድርገሽ ንገሪው፤ እኔ ስነግረው አይሰማኝም። ሲቪው ላይ "ኃላፊነት ነበረብኝ" እያለ የደረደረውን ትቶ ምን ሠርቶ ምን እንደተለወጠ ይጻፍ። "እኛ" ሳይል የሚተርካቸው ሦስት አራት እውነተኛ ታሪኮች ይዞ ይግባ። ጥያቄ አለህ ሲሉት "የለኝም" አይበል፤ "ከእኔ በፊት በዚህ መደብ የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ?" ይበላቸው፤ ከመልሱ ይልቅ እርስ በርስ ሲተያዩ ብዙ ይረዳል። ደመወዙና የሥራ መደቡ በጽሑፍ እጁ ሳይገባ ያለበትን እንዳይለቅ። ሥራ ላስገባህ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቀው ደግሞ ጀርባውን ይስጥ። የዚያው የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ1997ቱ ስምምነት ቁጥር 181 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበሉ ይላል፤ ልዩ ሁኔታ ቢኖረውም መነሻው ይሄ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሰኞ አምስት ሰው ካየሽ አራቱን አትቀጥሪያቸውም። ያቺ ሁለት መስመር የጻፍኩላት ሴት ትዝ ትለኛለች። ሰውየው ከሄደ በኋላ ፈልጌ ደወልኩላት። ሰባት ወር አልፏል። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና "ውጤቱ ወጣ እንዴ?" አለችኝ። እየቀለደችብኝ ይሁን የምሯን እስከ ዛሬ አላውቅም። ማህደሩን ገልብጬ ሳየው ለአንዳቸውም "አልተመረጡም" ብለን የጻፍነው ደብዳቤ የለም። እሷ ሌላ ቦታ ከገባች ቆይታለች።

መልስ የምትሰጪበትን ቀን እዚያው ፊት ለፊት ንገሪያቸው፣ ቀኑንም አክብሪ። ላልተመረጡት ሁለት መስመር ይበቃል፤ ስማቸው ግን በትክክል ይጻፍ።

ጥያቄዎችሽን እስከ ዓርብ ላኪልኝ። ከስድስት በላይ ከሆኑ እሰርዛቸዋለሁ።

እናትሽ