ልበ ድንጋይ አይደለህም

የኔ ጌታ፣

ትናንት ማታ ሚስትህ ደውላልኝ ነበር። ሆድ ብሷታል። «ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ፣ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ አለኝ» ትላለች። ሐኪሙ አሌክሲታይሚያ አለብህ እንዳለህም ነገረችኝ፣ የራስን ስሜት ለይቶ ማወቅና በቃል መግለጽ ሲቸግር ማለት ነው። አንተ ደግሞ «እኔ እኮ ልበ ድንጋይ ነኝ» ብለህ ዘጋኸው አሉ። ሁለተኛ ይህቺን ከአፍህ እንዳልሰማት!

እኔ እንደሆንኩ ታውቀኛለህ፣ ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ አለበት ይላሉ። ራሱን የቻለ በሽታ ተብሎም አልተመዘገበም። ፊት አይቶ ሰውየው ማን እንደሆነ መለየት አንድ ነገር ነው፣ ምን እንደተሰማው ማወቅ ሌላ። አንተ አንዴ ያየኸውን ሰው መቼ ትረሳለህ! አሚግዳላ የምትባል ትንሽዬ የአንጎል ክፍል አለች። ያዘነ ፊት ብልጭ ብሎ ቢጠፋ እንኳ፣ እኛ ሳናውቀው እሷ ትነቃለች። እንዳንተ ባለ ሰው ላይ ግን ምላሿ ደከም ብሎ ታይቷል። ኢንሱላ የሚሉት ክፍል ደግሞ የልብህን ምትና የሆድህን መረበሽ የሚያዳምጥልህ ነው። የራሱ ስሜት የተምታታበት ሰው የሌላውን ፊት ማንበብም ይከብደዋል። እና ይሄ ልበ ድንጋይነት ነው?

አያትህን አስታውስ። እናቴ ስታለቅስ «በረደሽ?» ይልና ብርድ ልብስ ያመጣላታል። እኛ እንስቃለን፣ እሷ ትናደዳለች። «ይሄ ሰው አይወደኝም» እንዳለች ኖረች። ብርድ ልብሱን ግን እግሯ ሥር ድረስ እያስገባ ይጠቀጥቅላት ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ታማ የተኛች ጊዜ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያድረው። ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። እኔም አኩርፌው እንደሆንኩ አረፈ። ይኸው እስከዛሬ ይቆጨኛል። ተወው፣ የሱን ነገር ልጽፍልህ አልነበረም።

አሁን ስማኝ። መገመት ተውና ጠይቃት። «ከፍቶሽ ነው ወይስ ደክሞሽ?» በላት። እሷም ፊቴን አይቶ ይረዳኛል ብላ እንዳትጠብቅ፣ በአፏ እንድትነግርህ ተማክረናል። ሐኪሙ የሰጠህን 20 ጥያቄ በእውነት ሙላ፣ አሳምረህ አይደለም። ደረትህን ሲያፍንህ፣ ሆድህን ሲረብሽህ ሰዓቱንና ከማን ጋር እንደነበርክ ስልክህ ላይ ጻፍ። የደረቱን ነገር ደግሞ «ጭንቀት ነው» ብለህ እንዳታልፈው፣ ለሐኪሙ ንገረው። ሐሙስ ቀጠሮህ ላይ ሚስትህን ይዘሃት ሂድ፣ ብቻህን ስትሄድ ግማሹን ሳትናገር ነው የምትመለሰው።

ልበ ድንጋይ ነኝ ብትል ግን፣ ዋ!

እናትህ